ከበርሊን ሸክላ እስከ ማንኩሳ ማሲንቆ

የሰው ልጅ ቃሉን በድንጋይና በብራና መጻፍ ከጀመረ ብዙ ሺህ ዓመታት አልፈዋል፤ ድምፁን ግን አስቀምጦ መልሶ መስማት የቻለው ኤዲሶን በፈረንጅ 1877 ዓ.ም. ፎኖግራፍ የተባለውን መሣሪያ ካወጣ ወዲህ ነው። ስለዚህ የዜማን ታሪክ የሚመረምር ሰው ከዚያ በፊት ለነበረው ዘመን በተጻፈ ምልክት፣ በሥዕልና በመንገደኞች ወሬ ብቻ ይመራል፤ ከዚያ ወዲህ ላለው ግን ጆሮውን ምስክር አድርጎ ሊጠራ ይችላል። ጆሮ የሚሰጠው ምስክርነትም እንደ ማናቸውም ምስክርነት መመርመር አለበት። በዚህ ጽሑፍ የማቀርበው ይህንኑ ምርመራ ነው። በመጀመሪያ የአውሮፓ ቫዮሊን መቺዎች በጥንት ሸክላ ላይ ምን እንደ ተዉ አመለክታለሁ፤ ቀጥሎም በዚያው ዘመንና በዚያው ከተማ የተቀረጸውን የእኛን አገር ድምፅ ከጎኑ አቀርባለሁ፤ ከዚያም በሸክላው ላይ ስለማይሰማው፣ ይኸውም ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም፣ በማንኩሳና በአካባቢዋ ገጠር ስለነበረው ማሲንቆ ጥቂት እናገራለሁ። ዘመኑን በእኛ አቆጣጠር ስጽፍ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ስጽፍ ደግሞ «በፈረንጅ» የሚለውን ቃል ጨምሬ ነው።

ዮሴፍ ዮአኪም በፈረንጅ 1831 ዓ.ም. በሐንጋሪ የተወለደ፣ የብራምስ የቅርብ ወዳጅ፣ በበርሊን የሙዚቃ ትምህርት ቤት አለቃ ሆኖ ብዙ ደቀ መዛሙርት ያፈራ ታላቅ የቫዮሊን ሊቅ ነበር። ይህ ሰው በፈረንጅ 1903 ዓ.ም.፣ የሰባ ሁለት ዓመት ሽማግሌ ሳለ፣ በበርሊን ከቀንድ መሰሉ መቀበያ ፊት ቆሞ አምስት የሸክላ ገጾች አስቀረጸ። ከእነዚህ ሁለቱ የባህ ድርሰቶች፣ ሁለቱ የብራምስ የሐንጋሪ ጭፈራዎች፣ አንዱ ደግሞ የራሱ ድርሰት ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ሞተ። በተከታዩ ዓመት፣ በፈረንጅ 1904፣ የእስፓኙ ሣራሣቴ በፓሪስ እንዲሁ አደረገ፤ አሜሪካዊቱ ሞድ ፖወልም በዚያው ዓመት ሸክላ ማስቀረጽ ጀመረች፤ የቤልጂጉ ኢዛይ ደግሞ በፈረንጅ 1912 ዓ.ም. በኒው ዮርክ አስቀረጸ። ሣራሣቴ በአንዱ ሸክላ ላይ የታወቀውን የጂፕሲዎች ዜማ ሲመታ በመካከሉ የሰው ንግግር ይሰማል። ማሽኑ የተቀበለውን ሁሉ ሳይመርጥ የሚያስቀምጥ መሆኑን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

እነዚህን ሸክላዎች በመጀመሪያ የሚሰማ የዛሬ ተማሪ ግራ ይጋባል። እኔም በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለሁ ከጓደኞቼ ጋር ስሰማቸው አብረውኝ የነበሩት አንዳንዶቹ ሳቁ። ምክንያቱም ዛሬ በሙዚቃ ትምህርት ቤት ለቫዮሊን ተማሪ የሚሰጠው ትምህርት ሁለት ነገሮችን እንደ ሕግ ይዟል፤ አንደኛው ጣትን በክሩ ላይ ያለማቋረጥ በማንቀጥቀጥ ድምፁን ማለምለም ሲሆን፣ ሁለተኛው ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሲሻገሩ መንሸራተቱ እንዳይሰማ መጠንቀቅ ነው። በዮአኪም ሸክላ ላይ የሚሰማው የዚህ ተቃራኒ ነው። መንቀጥቀጡ እንደ ጌጥ አልፎ አልፎ ብቻ ይታያል፤ መንሸራተቱ ግን በግልጽ ይሰማል። ይህንን በሽማግሌው የጣት ድካም ወይም በማሽኑ ጉድለት የሚያመካኙ ሰዎች አሉ። ነገር ግን ጉዳዩ በአንድ ሰው ሸክላ ላይ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ ዮአኪም ከደቀ መዝሙሩ ከሞዘር ጋር ባሳተመው የቫዮሊን መማሪያም ጣትን በልማድ ማንቀጥቀጥ እንዳይበዛ ያስጠነቅቃል። ሸክላውና መጽሐፉ ይስማማሉ ማለት ነው። እንግዲህ ከጥንት እንደ መጣ ተቆጥሮ ይጠበቅ የነበረው የአመታት ሥርዓት ከሃያኛው መቶ ዓመት ወዲህ የተስፋፋ ሆኖ ተገኘ፤ ጥንታዊው ደግሞ እንደ ስሕተት ይታረም የነበረው ሆነ።

ይህ ነገር ለእኛ የሚጠቅመን በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው «ባህላችን እንዲህ ነበር» ብለን ከመናገራችን በፊት የምናስቀድመውን ጥንቃቄ ያስተምረናል። ሁለተኛው ደግሞ ይበልጥ የሚያስደንቅ ነው፤ ዮአኪም ካስቀረጸ ከአምስት ዓመት በኋላ በዚያው በበርሊን ከተማ አንድ ኢትዮጵያዊ በእንዲያው ያለ የሸክላ መቅረጫ ፊት መቆሙ ነው።

በኋላ ነጋድራስ የተባሉት ተሰማ እሸቴ በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ያደጉ፣ በግጥም ችሎታቸው የታወቁ ሰው ነበሩ። በ1900 ዓ.ም. አርኖልድ ሆልትስ ከተባለው ጀርመናዊ ጋር ወደ ጀርመን አገር ሄዱ፤ የሄዱበትም ጉዳይ ዜማ ሳይሆን የአውቶሞቢልን ሥራ ለመማር ነበር። እስከ 1902 ዓ.ም. ገደማ በቆዩበት ጊዜ ግን በበርሊን ብዙ ሸክላ አስቀረጹ፤ ለንግድ ከታተሙት የኢትዮጵያ ዘፈኖች ሁሉ የመጀመሪያዎቹ እነዚህ ናቸው። ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ፣ በፈረንጅ 2011 ዓ.ም.፣ ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው «ኤትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ እትም ሃያ ሰባተኛ ቁጥር ተሰብስበው እንደገና ስለ ታተሙ ዛሬ ማንም ሊሰማቸው ይችላል። ነጋድራስ ተሰማ በ1957 ዓ.ም. አረፉ፤ በአፍሪካ እግር ኳስ ታሪክ ስማቸው የገነነው አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ልጃቸው ናቸው።

ከዚህ ቀድሞ በአገራችን ድምፅ በማሽን አልተቀዳም ማለት አይደለም። የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ በፈረንጅ 1898 ዓ.ም. ድምፃቸውን በሰም በርሜል ቀርጸው ለአፄ ምኒልክ ልከው ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌ ጣይቱም በድምፃቸው መልስ ሰጡ፤ ይህ መልስ እስከ ዛሬ ይገኛል። ደግሞም በፈረንጅ 1906 ዓ.ም. በኤኖ ሊትማን መሪነት ወደ አክሱም የመጣው የጀርመን ጓድ ሐኪሙ ኤሪኽ ካሽኬ በሰም በርሜል የቀረጻቸውን ዜማዎች ይዞ ተመልሷል፤ እነርሱም በበርሊን የድምፅ ቤተ መዛግብት ገቡ። ስለዚህ ከ1890 ዓ.ም. እስከ 1902 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የመንግሥት ቃል፣ የሊቃውንት ምርምርና የንግድ ሸክላ ሦስቱም በየፈርጃቸው ደርሰውናል።

አሁን ወደ መሣሪያው ልመለስ። ማሲንቆን «የኢትዮጵያ ቫዮሊን» እያሉ መጥራት በቱሪስት መጻሕፍት የተለመደ ነው፤ እኔ ይህን አጠራር አልወደውም። ሁለቱ የሚመሳሰሉት በደጋን በመመታታቸው ብቻ ነውና። የማሲንቆ ሳጥን አራት ማዕዘን ሆኖ በማዕዘኑ የቆመ፣ ከእንጨት ተሠርቶ ቆዳ የተለበጠ ነው፤ ክሩ አንድ ብቻ ሲሆን ከፈረስ ጭራ የተሰበሰበ ነው፤ ደጋኑም እንዲሁ የፈረስ ጭራ ስለ ሆነ ጭራ ከጭራ ጋር ይፋተጋል፤ ድምፁን የሻከረና ጉሮሮ ያለው የሚያስመስለው ይህ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ልዩነቱ በጣቱ ነው። ቫዮሊን መቺ ክሩን ከአንገቱ እንጨት ላይ ይጫነዋል፤ ማሲንቆ መቺ ግን ክሩን በአየር ላይ እንዳለ ከጎን ይነካዋል እንጂ ከእንጨቱ ጋር አያጣብቀውም። ስለዚህ ከድምፅ ወደ ድምፅ መንሸራተት ለማሲንቆ መቺ ጌጥ ብቻ ሳይሆን የመሣሪያው ተፈጥሮ ነው። የአውሮፓ ትምህርት ቤቶች ከቫዮሊን ላይ ሊያጠፉት የደከሙበት፣ ዮአኪምም በሸክላ የተወው መንሸራተት በማሲንቆ ላይ ዛሬም በሙሉ ሕይወቱ አለ። የዮአኪምን ሸክላ ሰምተው የሳቁት ጓደኞቼ ጎጃሜ ቢሆኑ ኖሮ አይስቁም ነበር።

ይህን ካልሁ ዘንድ ስለ ራሱ ስለ ቫዮሊኑም አንድ ነገር ልጨምር። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ በልጅነታቸው በስዊስ አገር የተማሩት ቫዮሊንንም ጭምር ነበር፤ በኋላም በካይሮ ኮንቶሮቪች ከተባለ ፖላንዳዊ የቫዮሊን መምህር ዘንድ ተምረዋል። ስማቸውን በዓለም ያስጠራው ሸክላ ግን በፈረንጅ 1967 ዓ.ም. በጀርመን የታተመው የፒያኖ ድርሰታቸው ነው። እማሆይ በፈረንጅ 2023 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ዐርፈዋል።

የጥንቱ ሸክላ እንዴት ይቀረጽ እንደ ነበር ያላወቀ ሰው ከሸክላው ብዙ ስሕተት ሊማር ይችላል። እስከ 1917 ዓ.ም. ገደማ ድረስ በዚህ ሥራ ኤሌክትሪክ አልነበረበትም። ዘፋኙ በትልቅ ቀንድ አፍ ውስጥ ይጮኻል፤ የድምፁ ግፊት በቀንዱ ጫፍ ያለውን ቀጭን ሽፋን ያንቀሳቅሳል፤ ሽፋኑም መርፌውን፣ መርፌው ደግሞ የሚሽከረከረውን ሰም ይቆፍራል። በዚህ መንገድ የሚያልፈው የድምፅ ክፍል መካከለኛው ብቻ ነው፤ በጣም ወፍራሙና በጣም ቀጭኑ ይቀራል። ቫዮሊን ራሱ ለዚህ ቀንድ ደካማ ሆኖ ስለ ተገኘ አውጉስቱስ ሽትሮ የተባለ ሰው ሳጥኑን አውጥቶ በምትኩ የብረት ቀንድ የገጠመበት ልዩ ቫዮሊን እስከ መሥራት ደርሷል። እንግዲህ በቀንዱ ፊት አንድ ሰው እየዘፈነ ማሲንቆ ሲመታ ድምፁ በቅርብ፣ ማሲንቆው ግን በሩቅ ሆኖ ቢሰማ የመቺው ድክመት አይደለም። በበርሊን ሸክላዎች ላይ ማሲንቆ ለዘፈኑ አገልጋይ ብቻ እንደ ነበር መደምደም አይገባም፤ ያንን የወሰነው የቀንዱ ቦታ ነው።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ስለ ፍጥነት ነው፤ በዚህ ላይ ጥቂት እቆያለሁ፤ ምክንያቱም ስለ ቅኝታችን የሚደረገው ክርክር እዚህ ላይ ይወድቃልና። ዛሬ «የሰባ ስምንት ሸክላ» ብለን የምንጠራው በአንድ ደቂቃ ሰባ ስምንት ጊዜ የሚዞር በመሆኑ ነው። በዚያ ዘመን ግን ፍጥነቱ አንድ ሆኖ አልተደነገገም ነበር፤ የየኩባንያው፣ አንዳንድ ጊዜም የየቀኑ ሥራ ይለያይ ነበር። በሰባ አራት ዙር የተቀረጸ ሸክላ በሰባ ስምንት ዙር ቢመታ ድምፁ ሁሉ ከአምስት በመቶ በላይ ይቀጥናል፤ ይህም በፒያኖ ላይ ከአንዱ ቁልፍ ወደ ሚቀጥለው የመዝለል ያህል ነው። ሦስት ደቂቃ የነበረውም ዘፈን ዘጠኝ ሰከንድ ያህል አስቀድሞ ያልቃል። የጎልማሳው ድምፅ የወጣት ይሆናል፤ ረጋ ያለው ዘፈን የችኮላ ይመስላል። ዮአኪም የብራምስን ጭፈራ ሲመታ ፒያኖ አብሮት ስለ ነበረ፣ ፒያኖውን መነሻ በማድረግ እውነተኛውን ፍጥነት በግምት መመለስ ይቻላል። ማሲንቆ ግን የሚቃኘው በመቺው ጉሮሮ ልክ ነው፤ ዛሬ ከፍ፣ ነገ ዝቅ ያደርገዋል። ስለዚህ ማሲንቆ ብቻ ያለበትን ሸክላ እውነተኛ ፍጥነት ከቅኝቱ ከፍታ ማግኘት አይቻልም።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያውስ ከጥንት ሸክላ ስለ ቅኝት ምንም መማር አይቻልም» የሚል ቢኖር አልስማማበትም። ቅኝት ማለት በድምፆች መካከል ያለው ርቀት እንጂ የአንዱ ድምፅ ከፍታ አይደለም። ሸክላው ፈጥኖ ቢዞር ድምፆቹ ሁሉ በአንድ ልክ አብረው ይነሣሉ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ግን አይለወጥም። ሰው ኮረብታ ላይ ቢወጣ ቁመቱ እንደማይጨምር ማለት ነው። ይህ ትክክል የማይሆነው የማሽኑ ጅማት እየላላ ሄዶ በአንዱ ገጽ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ያለው ፍጥነት ሲለያይ ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን የዘፈኑን መነሻና መድረሻ በማመሳከር ይታወቃል። ስለዚህ የጥንት ሸክላ ስለ ዘፋኙ ዕድሜና ስለ ዘፈኑ ፍጥነት ደካማ ምስክር ሲሆን፣ ስለ ቅኝት ግን የታመነ ምስክር ነው። ብዙ ሰዎች ነገሩን ገልብጠው ይይዙታል።

ይህም ጥቃቅን ነገር አይደለም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የተባሉት አራቱ ቅኝቶች ዛሬ በከተማ ለተማሪ የሚብራሩት በፒያኖ ቁልፎች ነው፤ በአዝማሪ ቤትም ማሲንቆው ከኤሌክትሪክ ፒያኖ ጋር አብሮ ሲመታ በፒያኖው ልክ ይቃኛል። እንዲህ ሆኖ የኖረ ጆሮ የገጠሩን ማሲንቆ ሲሰማ «ተሳስቷል» ይላል፤ ጓደኞቼ በዮአኪም ላይ እንደ ሳቁት ማለት ነው። ሲንቲያ ቲሴ ኪምበርሊን የተባለች አሜሪካዊት በፈረንጅ 1976 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ማዕረግ ያቀረበችው ጥናት የማሲንቆንና የቅኝትን ጠባይ የተመለከተ ነው። ይህ መንገድ በሌሎች ሊቀጥል ይገባዋል፤ የመለኪያው መነሻም የበርሊን ሸክላዎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ በእነርሱ ጊዜ አዝማሪውን የሚያስገድድ ፒያኖ በአጠገቡ አልነበረምና።

ሦስተኛውና ለእኛ ከሁሉ የሚከብደው ጥንቃቄ ግን የማሽኑ ሳይሆን የጨዋታው ነው። በአንድ የሸክላ ገጽ የሚያልፈው ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ያህል ነው። ዮአኪም የባህን ድርሰት በዚህ ልክ ሊያገባው ይችላል፤ ድርሰቱ አስቀድሞ ተጽፎ ያለቀ ነውና። የአዝማሪ ሥራ ግን እዚያው በሰው ፊት ይወለዳል። አድማጩ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ይቀበለዋል፤ ያዞረዋል፤ ሰሙን ለሁሉ ወርቁን ለሚያውቀው ያደርገዋል፤ ከዚያ ሌላው ይመልሳል። ጎጃም የዋሸራና የጎንጅ አገር፣ የቅኔ ቤት ስለ ሆነች በሠርግ ቤት ከተቀመጡት መካከል ቅኔ የቀመሰ አይታጣም፤ አዝማሪውም ይህን ዐውቆ ይጠነቀቃል። አንድ ዘፈን ሌሊቱን ግማሽ ሊፈጅ ይችላል። በበርሊን በቀንዱ ፊት ግን ተቀበል የሚል አልነበረም፤ በክፍሉ የነበሩት ሠራተኞች ቋንቋውን የማያውቁ ነበሩ። የነጋድራስ ተሰማ ሸክላ ውድ ሆኖ ሳለ ጥያቄው ጠፍቶ መልሱ ብቻ እንደ ተረፈ ደብዳቤ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሌላ ነገር መነሣት አለበት። ነጋድራስ ተሰማ በትውልድ አዝማሪ አልነበሩም፤ የቤተ መንግሥት ሰው ነበሩ። አዝማሪ የሚለው ቃል «ዘመረ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ የወጣና በመሠረቱ የሚያመሰግን ማለት ሲሆን፣ በልማድ ግን ስድብ እስከ መሆን ደርሶ ነበር። መኳንንቱ በግብር ቤት አዝማሪን እያሞገሡ ይሸልሙታል፤ ልጃቸውን ግን አይድሩለትም። በዚህ ምክንያት ክብር ያለው ሰው የዘፈነው በስም ተቀረጸ፤ በሙያው የኖረበት ግን ያለ ስም አለፈ። ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። ከአውሮፓና ከአሜሪካ መጥተው የሕዝብ ዜማ የቀዱ ሊቃውንት ባሳተሟቸው ብዙ የቆዩ ሸክላዎች ሽፋን ላይ የሚነበበው የነገዱ፣ የአገሩና የመሣሪያው ስም ነው፤ የመቺው ስም የሚገኘው በጥቂቱ ነው። የዮአኪምን ሸክላ ያሳተመ ነጋዴ «አንድ የሐንጋሪ ሽማግሌ፣ ቫዮሊን» ብሎ ቢጽፍበት ኖሮ ዛሬ ማን ይፈልገው ነበር? ከሸክላው የምንማረውን ሁሉ የተማርነው ሰውየው ማን፣ የማን ደቀ መዝሙር፣ በየት አገር ያደገ መሆኑን ስለምናውቅ ነው። ስሙን ካወቅን የአመታት ታሪክ ይሆናል፤ ስሙ ከጠፋ ጩኸት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

የበርሊን ሸክላዎች የሸዋን ቤተ መንግሥት ድምፅ ይዘዋል፤ የአክሱሙ ጓድ የሰም በርሜሎች ሰሜኑን ይዘዋል። ምዕራብ ጎጃም ከሁለቱም ውጭ ነው። ማርሴል ግሪዮል በፈረንጅ 1928 እና 1929 ዓ.ም. ወደ ጎጃም መጥቶ ጉዞውን በመጽሐፍ ጽፏል፤ ስለዚህ አገሩ ለውጭ ሊቃውንት የተዘጋ ነበር ማለት አይቻልም። ከዚያ በኋላ ግን የመጣው ጠላት ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ የጠላት መንግሥት ጠንቋዮችን፣ ትንቢት ተናጋሪዎችንና ከአገር አገር እየዞሩ የሚዘፍኑትን እያደነ እንዲያጠፋ ግራዚያኒ ትእዛዝ ሰጠ። ይህን ትእዛዝ በተግባር የፈጸሙት ወታደሮች ማሲንቆ የያዘን ሰው ማወቅ አልቸገራቸውም። ወሬን ከገበያ ወደ ገበያ የሚያደርስ፣ አርበኛውን የሚያወድስ፣ ባንዳውን የሚሰድብ እርሱ ነበርና ጠላት በእርሱ ላይ መነሣቱ የሥራውን ኃይል ያስረዳል። በ1933 ዓ.ም. የጌዴዮን ጦርና የጎጃም አርበኞች በቡሬ፣ በማንኩሳና በደምበጫ የጠላትን ምሽጎች እያስለቀቁ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲያልፉ፣ በሸክላ ሊቀረጽ ይችል ከነበረው ትውልድ ብዙው ተመናምኖ ነበር። የቀሩትም ወደ አዲስ አበባ መሳብ ጀመሩ፤ በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበርና በኋላ የተከፈቱት ቴአትር ቤቶች ከየጠቅላይ ግዛቱ ማሲንቆ መቺዎችን ይቀበሉ ነበር። በፈረንጅ 1963 ዓ.ም. የተመሠረተው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያም የማሲንቆን መድረክ አሰፋ፤ በዚያ የነበሩት ጌታመሳይ አበበ ቻርልስ ሳተን የተባለውን አሜሪካዊ ወጣት እስከ ማስተማር ደርሰዋል። ይህ ሁሉ ደግ ሥራ ነው፤ ነገር ግን በመድረክ የተመታው ማሲንቆ የሠርግ ቤቱ ማሲንቆ አይደለም።

የማንኩሳን ስም ግን አገሩ ሁሉ በጆሮው ያውቀዋል። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ታሪኩን የሚጀምረው በማንኩሳ ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ባነበበው ጊዜ ማንበብ የማይችለውም ሕዝብ ሰማው። የዚያን አንባቢ ድምፅ በቴፕ እያስቀሩ ደጋግመው የሚሰሙ ብዙዎች ናቸው። እንግዲህ ማንኩሳ በስቱዲዮ በተቀዳ የተዋናይ ድምፅ ስትታወቅ፣ በገዛ ገበያዋና በገዛ ሠርግ ቤቷ የተመታው ማሲንቆ ግን ከጥንቶቹ ሸክላዎች በአንዱ እንኳ አልገባም።

ባለፈው የጥር ሠርግ ወራት ወደዚያ በሄድሁ ጊዜ ከፍኖተ ሰላም ወደ ማንኩሳ በሚወስደው መንገድ አጠገብ የሚኖሩ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አንድ ማሲንቆ መቺ አገኘሁ። አባታቸውና አያታቸውም በዚሁ ሙያ የኖሩ ናቸው። ስማቸውን የማልጽፈው እንዳይጻፍ ስለ ለመኑኝ ነው፤ ልጆቻቸው ነጋዴዎችና የመንግሥት ሠራተኞች ሆነዋል፤ ከላይ ስለ ንቀት የጻፍሁት ነገር ገና አላለፈም። የበርሊኑን ሸክላ በስልኬ አሰማኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻ ሰሙና ሦስት ጥያቄ ጠየቁኝ። አስቀድመው የጠየቁት «የማን ልጅ ነው?» ብለው ነው። ነገርኋቸው። ቀጥለው «ግጥሙን የሚሰጠው ማን ነው?» አሉ። ማንም እንዳልነበረ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሦስተኛው ግን እኔን ያሳሰበኝ ነው፤ «ምን አስቸኮለው ልጄ?» አሉኝ።

ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልስ ሊሰጥ ይችላል። ወይ ሸክላው ከተቀረጸበት ፍጥነት በላይ እየዞረ ነው፤ ወይ ደግሞ ዘፋኙ ሦስቱ ደቂቃ ሳያልቅበት ለመጨረስ በእውነት ቸኩሏል። ከላይ እንዳስረዳሁት ከቅኝቱ ከፍታ ይህን ለመለየት አይቻልም። ከግጥሙ ግን ይቻላል ብዬ አስባለሁ። ማሽን ያፈጠነው ዘፈን ሁሉ ነገሩ በአንድ ልክ ይፈጥናል፤ የትንፋሽ መውሰጃውም፣ በስንኝና በስንኝ መካከል ማሲንቆው ብቻውን የሚመታበትም ጊዜ በዚያው ልክ ያጥራል። ራሱ የቸኮለ ሰው ግን ስንኙን እንዳለ አድርጎ የማሲንቆውን መመለሻ ነው የሚቆርጠው። ስለዚህ ሽማግሌው በሠርግ ቤት ሲመቱ የስንኙንና የመመለሻውን ርዝመት በሰዓት ለክቼ ከሸክላው ጋር አስተያየሁ። የሳቸው መመለሻ እንደ አድማጩ ሁኔታ አንዳንድ ጊዜ ከስንኙ ሁለትና ሦስት እጥፍ ይረዝማል፤ ተቀባይ ግጥም እያሰበ ስለ ሆነ ይጠብቁታልና። በሸክላው ላይ መመለሻው አጭርና እኩል ነው። በእኔ ግምት እንግዲህ ችኮላው የማሽኑ ዙር ብቻ አይደለም፤ የሚጠበቅ ሰው አለመኖሩም ጭምር ነው። የአንድን መቺ አመታት ብቻ ይዞ ይህን ማጽናት አይቻልም፤ በዳሞት፣ በአገው ምድርና በይልማና ዴንሳ ያሉት ማሲንቆ መቺዎች እንዲሁ መለካት አለባቸው።

ይህን ሥራ ሊቀጥሉ ለሚወዱ የማኅበራችን አባላት፣ ይልቁንም በየአውራጃው ለሚያስተምሩት፣ ከልምዴ ጥቂት ልናገር። ዛሬ መቅረጫ ውድ አይደለም፤ በየኪሱ አለ። ጊዜውም ሦስት ደቂቃ አይደለም፤ ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ መቅዳት ነው እንጂ «አንድ ዘፈን ይምቱልኝ» ማለት ሸክላውን በገዛ እጅ እንደገና መሥራት ነው። አድማጩንም መቅዳት ይገባል፤ «ተቀበል» ያለው ማን እንደ ሆነ፣ ምን ብሎ እንደ ሰጠ መጻፍ ነው። የመቺውን ስም፣ የአባቱን ስም፣ ከማን እንደ ተማረና የት የት እንደ ዞረ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ማስፈር ነው፤ እንዳይጻፍ ከፈለገ ፈቃዱን አክብሮ፣ ዘመዶቹ ሊከፍቱት በሚችሉት በታሸገ ወረቀት ማስቀመጥ ይቻላል። ቅጂው ወደ አዲስ አበባ ብቻ አይሂድ፤ አንዱ በመቺው ቤት፣ አንዱም በወረዳው ቤተ መጻሕፍት ይቅር።

ማሽኑም የሚከፈተው ዘፈኑ ሲጀመር ሳይሆን መቺው ማሲንቆውን ከግድግዳ ሲያወርድ ነው። ጭራውን ሙጫ ሲቀባው፣ መቃኛውን ሲያጠብቅ፣ ከጉሮሮው ጋር ሲያስተያየው፣ አልስማማ ሲለው ደግሞ ሲያላላው የሚሰማው ድምፅ የቅኝቱ ትምህርት ነው። በበርሊን ከመርፌው በፊት የነበረውን ይህን ጊዜ ሸክላው አልያዘውም። የማንኩሳው ሽማግሌ ማሲንቆአቸውን ለመቃኘት ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጅባቸዋል፤ ያንን ሩብ ሰዓት ሦስት ጊዜ፣ በሦስት የተለያዩ ሌሊቶች፣ ሙሉውን ቀድቼዋለሁ።